ከአምስተኛ ፎቅ መውረድ

ኅዳር 6

ለተከበሩ ቁልፍ ሠሪ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ።

ባለ ሁለት መስመር መልስዎ ደርሶኛል። «አድራሻዬን ማን ሰጠዎት? የፈለጉትን ቢሉኝ ይገባኛል» ብለዋል። አድራሻዎን የሰጡኝ የኛ ቄስ ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ ከእናንተው ቄስ ጠይቀው አገኙ። የጻፍኩልዎት ልወቅስዎት አይደለም። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ከዚያ ሕንፃ የምጽፍልዎት ልብስ ሰፊ ነኝ» ብሎ ስለሚጀምር ደንግጠው ቀሪውን አላነበቡትም መሰለኝ። ስለዚህ እንደገና ቀስ ብዬ ልንገርዎት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እርስዎ መርምረው በፈረሙ በሦስተኛው ቀን፣ ሊፍቱ እኔን እንደያዘ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ታች ወደቀ። ቀኝ እግሬ ተሰባብሮ እንዳልነበረ ሆነ። ይህን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ እንለፈው። ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ ተዘግቶ ቀረ። እኔ የምኖረው አምስተኛ ፎቅ ነው፤ መኝታዬም የስፌት ክፍሌም እዚያው ነው። ዘጠኝ ዓመት በምርኩዝ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ደህናው ጉልበቴም እምቢ አለ። ከዚያ ወዲህ መሬት ረግጬ አላውቅም። ደንበኞቼ ይመጣሉ፣ ቄሱ ይመጣሉ፣ ዳቦው ይመጣል፤ እኔ ብቻ የትም አልሄድም። ቤተ ክርስቲያኑ ከመስኮቴ ይታየኛል። ማን አርፍዶ እንደሚገባ፣ ማን ሳይጨርስ እንደሚወጣ አንድ በአንድ አውቃለሁ። እኔ ግን መግባት አልቻልኩም።

አሁን ደግሞ የሕንፃው ኮሚቴ የሊፍቱን በሮች በጡብ ሊደፍን ወስኗል። ቀጠሮው እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ሦስት መካኒኮች መጥተው አዩት፤ ሦስቱም «ማሽኑ አሮጌ ዓይነት ነው፣ አናውቀውም» ብለው ሄዱ። የመጨረሻው መካኒክ በር ላይ ደርሶ «ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ ጆሮ የሚሉት» አለኝ። ጆሮ እርስዎ ነዎት።

ይምጡና ይሥሩት። የምፈልገው ይህንኑ ነው።

የአምስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ


ኅዳር 21

ለክብርት እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እንዴት ነዎት ብዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ቢሆንም እንዴት ነዎት?

ከደብዳቤው ጋር ባያያዟት ብጣሽ ወረቀት ላይ እንዴት እንደምኖር ጠይቀውኛል። ሁለት ሰው የማታስቆም ሱቅ አለችኝ፤ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ቀኑን ሙሉ የናስ ብናኝ እጄ ላይ ነው። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ከሱቁ በላይ አራተኛ ፎቅ ነው። ሕንፃው ሊፍት አለው፤ እኔ አልገባበትም። እርሷ ከነዕቃዋ በሊፍት ትወጣለች፣ እኔ በደረጃ እከተላለሁ። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ሁልጊዜ ወደ ደረጃው ዞራ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ጆሮ የሚለው ስም እንዴት እንደወጣልኝም ጠይቀዋል። ሌሎቹ መካኒኮች ጣሪያ ላይ ያለው ማሽን ክፍል ወጥተው፣ የፍሬኑን ክዳን ፈትተው፣ ሊፍቱን ጨብጦ የሚያቆመው ሸራ ማለቅ አለማለቁን በዓይናቸው ሳያዩ አይፈርሙም ነበር። እኔ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሊፍቱ ምን እንደሚያመው እናገር ነበር። ተሳስቼ አላውቅም። ባልደረቦቼ ሰው ጠርተው ያሳዩኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። የእናንተንም ሊፍት ታች ቆሜ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲወርድ አዳመጥኩት። ጤነኛ ነው አልኩ፤ ካርዱ ላይ ፈረምኩ። ክዳኑን አልከፈትኩም። ሸራው ወረቀት አክሎ ነበር። የሳሳ ሸራ ደግሞ ጨርሶ እስኪያልቅ ድረስ ድምፅ አያሰማም።

ተከስሼ ተቀጣሁ፤ አምስት ዓመትም ከሥራው ታገድኩ። እገዳው ካለቀ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ፈቃዴን ላሳድስ አልሄድኩም። ዳግመኛ ሊፍት ላልነካ ለእግዚአብሔር ተስያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ አልቆርብም። ቄሳችን «ይቅር ተብለሃል» ይሉኛል። አውቃለሁ። ግን ይቅርታውን ብወስደው እርስዎን የረሳሁ ይመስለኛል። እንዳልረሳ ብዬም ግድግዳዬ ላይ ሦስት ነገሮች ሰቅያለሁ። ምን እንደሆኑ አልነግርዎትም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልመጣም። ሌላ መካኒክ ካገኙ የማሽኑን አሠራር በወረቀት ስዬ እልክለታለሁ።

ያው ጆሮ ይባል የነበረው


ታኅሣሥ 3

ስማ አንተ፣

ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነው የምልህ። በዕድሜ እናትህ እሆናለሁ፤ ደግሞም እርስዎ እያሉ መቆጣት አይመችም።

እንዴት ነዎት ብለሃል። እግሬን ሲበርድ ያመኛል፣ ሲሞቅ ያሳክከኛል። ለእኔ ስትል አሥራ አንድ ዓመት ደረጃ ወጥተሃል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ አንተ እዚያ ደረጃ በወጣህ ቁጥር እኔ እዚህ ስንት ደረጃ ወረድኩ? አንዲትም። ስእለትህን የተሳልከው በእኔ እግር ነው፤ ማንም አላማከረኝም። አንተ እዚያ ንስሐ ትገባለህ፣ እኔ እዚህ ተቆልፎብኛል። የቁልፍ ሠሪ ሥራ ይህ ነው እንዴ?

አልቆርብም ትላለህ። ጌታ ደሙን አፍስሶ የጨረሰውን ነገር አንተ በደረጃ ልትሞላለት ነው? ምን ጎድሎት?

«እርስዎን የረሳሁ ይመስለኛል» ትላለህ። ረስተኸኛል እኮ! ቀኑን ነው የምታስታውሰው እንጂ እኔን የት ታውቀኛለህ? ስሰፋ እንደምዘምር፣ ዜማዬም ጎረቤት እንደሚያባርር ታውቃለህ? ቡኒ ጨርቅ እንደማልወድ ታውቃለህ? አንተ የምታውቀው አንዲት የወደቀች ሴት ነው። እርሷ ተነሥታለች። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረኸው አንተ ብቻህን ነህ።

ጌታ ከሞት ሲነሣ ቁስሉ አብሮት ተነሣ። ያሳየው ግን ለወዳጆቹ ነው፣ እንዲያውቁት ብሎ። የቸነከሩትን ወታደሮች ሰብስቦ ሲያሳያቸው አልሰማሁም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ግድግዳህ ላይ የሰቀልከው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የላኪ ስም የሌላቸው ሦስት ፖስታዎች፤ በየዓመቱ በዚያችው ቀን የደረሱህ፤ ውስጣቸው የእግር ራጅ። የላክኋቸው እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው፣ ምሳህ እንዳይዋጥልህ ብዬ። አራተኛውን ፖስታ ስሰፋ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ቄሱ ዳቦ ይዘውልኝ መጡ። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለደንበኛ» ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ አብረን አባታችን ሆይ ስንል፣ የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚያወራው ጋ ስደርስ ምላሴ ታሰረ። ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ እዚያው ላይ ቆምኩ። ቄሱ ጠበቁኝ። ፖስታውን እፊታቸው ቀደድኩትና ጸሎቱን ጨረስኩ።

ያን ቀን ይቅር አልኩህ። ለክፋቴም ይቅርታ ለመንኩ፤ ተሰጠኝ፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተቀበልኩ። በሚቀጥለው እሁድ በምርኩዜ ሄጄ ቆረብኩ። ለአንተ ግን ሳልነግርህ ሰባት ዓመት ዝም አልኩ። አፍሬ ነው። ስለ ፖስታዎቹም ስለ ዝምታዬም ይቅር በለኝ።

አውርዳቸው። ከዚያ መፍቻህን ይዘህ ና። ሥዕል እንዳትልክልኝ፤ በሥዕል አልወርድም።

ልብስ ሰፊዋ


ታኅሣሥ 14

ለእትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ባለቤቴ ቀድማኝ ከፍታ አንብባዋለች። አንብባ ስትጨርስ «እኚህን ሴትዮ ባገኛቸው ጉልበታቸውን እስማለሁ» ብላ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረችው። እንግዲህ ከሁለት ወገን ተይዣለሁ።

ፖስታዎቹን ማን እንደላካቸው ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ፖስታን በሙጫ ትቶ በክር ሰፍቶ የሚዘጋ ሌላ ማን ነው? ስፌቱ እኩል፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ የገባ። ይቅር በለኝ ብለዋል። ቃሉ አልወጣ አለኝ። እኔ እርስዎን ይቅር ካልኩ እኩል ሆንን ማለት ነው፤ እኩል መሆን ደግሞ አልችልበትም።

ተቆጥተውኛል፤ እኔም ትንሽ ልቆጣ። ተቀበለውና ተነሥ ማለት ለእርስዎ ቀላል ነው። እርስዎ የቀደዱት ወረቀት ነው። እኔን ያዝ የሚሉኝ ሰው የሚንጠለጠልበትን ፍሬን ነው። ለቄሳችንም ለባለቤቴም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። የምጠራጠረው እግዚአብሔርን አይደለም፤ ጆሮዬን ነው። ደረጃ ስወጣ የኛ ሊፍት ግድግዳው ውስጥ ሲሄድ እሰማዋለሁ፤ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው ይለኛል። የእናንተንም ጤነኛ ነው ብሎኝ ነበር። ስእለት እያልኩ የማቆላምጠው ነገር ፍርሃት ነው። ይኸው ተናገርኩ።

ልመጣ አይደለም፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው፤ ጥበቃችሁ ማሽን ክፍሉ ወጥቶ ሊያይልኝ ይችላል? ሊፍቱን የሚይዘው የብረት ገመድ የተበጠሰ ሽቦ አለው ወይ? የፍሬኑ ክዳን ሲከፈት ሸራ አለ ወይስ ባዶ ብረት ነው? ዘይቱስ? እንዲያው ለማወቅ ነው።

ጆሮ


ታኅሣሥ 26

እንዲያው ለማወቅ ያህል ለምትጠይቀው ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሚስትህን ጉልበቴን እንዳትስም ንገርልኝ፤ ያመኛል። ከፈለገች ግንባሬን ትሳም።

ጥበቃችን ከፍታ እንደሚፈራ ያወቅነው ገና አሁን ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የጣሪያውን መሰላል ወጣ፤ ዓይኑን እንዲገልጥ እኔ ከታች ስጮህበት ቆየሁ። የብረት ገመዱ ተንጨፍርሮ አሮጌ መጥረጊያ መስሏል። ኮሚቴውን አዲስ ካላመጣችሁ ብዬ ይዣቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል፣ አንተ ከመጣህ። ፍሬኑ ባዶ ብረት ነው። ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ጥበቃው ክዳኑን ፈትቶ ሲወርድ «አራት ብሎን ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ።

ይህን የምነግርህ ልወጋህ አይደለም። አራት ብሎን ነበር። አልፈታህም። ይቅር ተብለሃል። ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ መናገር እችላለሁ፤ አንተም ልመደው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ስትደጋግም ነው አሥራ አንድ ዓመት የፈጀኸው።

ስለ ጆሮህ ግን ተሳስተሃል። ጆሮህ አልበደለም፤ የዓይንህን ሥራ ደርበህ የሰጠኸው አንተ ነህ። እኔም ጨርቅ ስዳስስ ብዙ ነገር አውቃለሁ፣ ግን ሳልለካ አልቆርጥም። አንድ ጊዜ ሳልለካ ቆርጬ አውቃለሁ። የሙሽራ ቀሚስ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ፈርቻለሁ ትለኛለህ። እሰየው! ፈርተህ ና። ፈሪ መካኒክ ክዳን ይከፍታል። እኔን የጣለኝ ደፋሩ ነው።

ጡቡ መጥቷል። ኮሚቴው ጥር እስኪያልቅ እንኳን አልታገሰም። ታች መግቢያው ላይ ተደርድሯል፤ ግንበኞቹ ከላይ እንዲጀምሩ ታዘዋል፣ ከአምስተኛ ፎቅ። ስለዚህ የስፌት መኪናዬን ኮሪደሩ ላይ አስወጥቼ የሊፍቱን በር ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ሦስት ቀኔ ነው። ደንበኞቼን እዚሁ እለካቸዋለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መጥተው «እትዬ፣ መንገድ ዘግተዋል» አሉኝ። «መንገድ ልትዘጉ የመጣችሁትስ እናንተ» አልኳቸው። ይህንንም የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው። ከታመምኩ በአንተ ነው የማሳብበው፤ እወቀው።

እትዬ


ጥር 11

እትዬ፣

እባክዎ ወደ ቤት ይግቡ። ኮሪደር ይበርዳል። ለኮሚቴው ጽፌላቸዋለሁ፤ ጡቡን እንዳቆሙም መልሰውልኛል።

ፖስታዎቹን አውርዳቸው ብለውኝ ነበር። አወረድኳቸው። ስፌታቸውን በባለቤቴ መርፌ ተረተርኩና ሦስቱን ራጆች ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ያዝኳቸው። ያን ሁሉ ዓመት እያንዳንዱን እንደመጣ መልሼ ፖስታው ውስጥ ከትቼ ነው የሰቀልኩት፤ አስተያይቻቸው አላውቅም። የመጀመሪያው ላይ አጥንቱ ተበታትኗል። ሁለተኛው ላይ ተጠጋግቷል። ሦስተኛው ላይ ገጥሟል፤ ጠማማ ነው፣ ግን ገጥሟል። እትዬ፣ ምሳዬ እንዳይዋጥልኝ ብለው ሲልኩልኝ የነበረው እየዳነ ያለ አጥንት ነው። ሳቅኩም አለቀስኩም። ከዚያ ከቁልፍ ብናኙ ጋር ጠርጌ ጣልኳቸው።

ይቅር ብዬዎታለሁ። ይኸው፣ ቃሉ ወጣ።

ቄሳችን ዘንድ ሄጄ ስእለቴን ነገርኳቸው። «ሌላ ሰው የሚጎዳ ስእለት እግዚአብሔር መች ተቀበለህ?» ብለው ተቆጡኝ። እሁድ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ ቀረብኩ። መንገዱ ረዝሞብኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መስሎኝ ነበር፤ ማንም አላየኝም። ቆረብኩ።

የሥራ ፈቃዴንም አሳደስኩ። ፈታኙ ድምፅ አሰምቶኝ «ችግሩ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። «ክዳኑን ሳልከፍት አልናገርም» አልኩት።

እመጣለሁ። ደንቤን ግን ይስሙኝ። ክዳን የተባለ ሁሉ ይከፈታል። የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ አብሮኝ ያየዋል፤ ያለ እርሱ አልፈርምም። የሚፈርም መካኒክ ሊፍቱን መጀመሪያ ብቻውን ይሳፈርበታል፤ የሥራው ሕግ ነው፤ ያን ጊዜ እሱንም ዘልዬዋለሁ። አንድ ልመና አለኝ፤ እስክጨርስ አይጥሩኝ። ፊት ለፊት ላይዎት ገና አቅም የለኝም።

ጆሮ


የካቲት 8፣ ከአምስተኛ ፎቅ ወደ ማሽን ክፍል፣ በጥበቃው እጅ

ልጄ፣

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከራሴ በላይ ነህ። መዶሻህን ስሰማ እውላለሁ። የምልክልህን ሳህን አጥበህ ትመልሳለህ፤ ሚስትህ አሠልጥናሃለች። ቃሌን ጠብቄ አልጠራሁህም። ግን በሬ ላይ ስትደርስ በእግርህ ጣት ትሄዳለህ። ተው። ሌባ አይደለህም፤ ሙሉ እግርህን አሳርፍና እለፍ።

እትዬ


በዚያው ወረቀት ጀርባ

እትዬ፣

ተቆጣጣሪው ነገ ጠዋት ይመጣል። ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ገጥሜዋለሁ፤ ጥበቃው ሰልችቶት እዚሁ እንቅልፍ ወስዶታል። ከፍታውን ለምዷል። ነገ የሊፍቱ በር ተከፍቶ እኔን ቢያዩ አይደንግጡ።

ጆሮ


የካቲት 20

ለእትዬ፣

በሰላም ገባሁ። ባለቤቴ ግንባርዎን ስማለች፣ በወረቀት። አንድ ቃል እንኳን ሳልመልስልዎት በመሄዴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በሩ ተከፍቶ ፊት ለፊት ስንተያይ ለምን ሮጥክ ብለው በኋላ በላኩልኝ ደብዳቤ ጠይቀዋል። አልሮጥኩም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ተቆጣጣሪውና እኔ ማሽን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አይተን ከጨረስን በኋላ ብቻዬን ተሳፍሬ ሁለት ጊዜ ወረድኩ፣ ሁለት ጊዜ ወጣሁ። እርሱ ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ልብስዎን ለብሰው፣ ምርኩዝዎን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ካርዱን ሰቀልኩ፤ «ይሠራል» አልኩ፤ ከዚያ የለመደ እግሬ ወደ ደረጃው ወሰደኝ። ሊፍቱን ለእርስዎ ሠርቻለሁ እንጂ ለእኔም መሆኑን አላሰብኩም ነበር።

ስትወርድ ምን ታስብ ነበር ብለዋል። ደረጃ እቆጥር ነበር። ዘጠና ስድስት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ሊፍቱ ግድግዳው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሰማሁት። ጥበቃው ማሽን ክፍል ነው፣ ተቆጣጣሪው ከእርሱ ጋር ነው። ውስጡ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ብቻዎን፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ግድግዳውን ያዝኩ። ጆሮዬን ግን አልለጠፍኩም። ክዳኑን ከፍቼዋለሁ፣ ሸራውን በእጄ ገጥሜዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁ አልኩ። ከዚያ ነው የሮጥኩት።

ታች ስደርስ የሕንፃው በር ላይ፣ ከደጃፉ ወጥተው፣ በሁለት እግርዎ መሬት ላይ ቆመዋል። ዞር አሉና «ዘገየህ» አሉኝ። ምርኩዝዎን አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መሄድ ጀመሩ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መልሱ ይኸው፤ አዎ እትዬ፣ ዘገየሁ። ግን ደረስኩ።

ትናንት ባለቤቴ ዕቃ ተሸክማ ስትገባ ከሱቄ ወጥቼ ዘንቢሏን ተቀበልኳትና አብሬያት ሊፍት ውስጥ ገባሁ። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ቀድማኝ ወጣችና፣ አሥራ አንድ ዓመት እንደለመደችው፣ ወደ ደረጃው ዞራ ቆማ መጠበቅ ጀመረች።

«እዚህ ነኝ» አልኳት ከኋላዋ።